እንግሊዛዊው ማነው? የአገር ፍቅርና የእንግሊዝ ሙስሊሞች ታሪክ

  

በዛሬው ዝግጅታችን ከአገራችን ራቅ ብለን ወደ እንግሊዝ እንሻገራለን። የምናነሳው ጥያቄ ግን ለማናችንም እንግዳ አይደለም። አንድ ሰው የአንድ አገር ሰው የሚባለው በምንድን ነው? በደሙ ነው? በቆዳው ቀለም ነው? በሃይማኖቱ ነው? ወይስ በተወለደበት፣ ባደገበትና ባገለገለው አፈር? እንግሊዛዊ ሙስሊም የሚባል ሰው አለ? ወይስ ሙስሊሙ ምንጊዜም በእንግሊዝ የሚኖር እንግዳ ነው?

በ2021 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ 3.9 ሚሊዮን ያህል ሙስሊሞች ተቆጥረዋል። ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ 6.5 እጅ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለእነዚህ ወገኖቻችን ጥያቄው የምሁራን ክርክር ብቻ አይደለም። ልጃቸው በትምህርት ቤት ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ እናት ሒጃቧን ለብሳ አውቶቡስ ስትሳፈር በምን ዓይን እንደምትታይ፣ የመስጂዳቸው መስኮት በሰላም ያድር እንደሆነ የሚወስነው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው።

ሁለት ስሞች፣ አንድ ባንዲራ

በቅድሚያ አንድ ነገር እንለይ። እኛ ዘንድ በተለምዶ «እንግሊዝ» ስንል መላውን መንግሥት ማለታችን ነው። መንግሥቱ ግን የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ ጥምረት ነው። እንግሊዝና ስኮትላንድ በ1707 በአንድ ፓርላማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ «ብሪታኒያዊ» የሚለው ስም የጋራ መጠሪያ ሆነ። ቅኝ ግዛቱ ሲሰፋ ስሙም አብሮ ሰፋ። ስለዚህ ወላጆቹ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ ወይም ከየመን የመጡ ወጣት «ብሪታኒያዊ ሙስሊም ነኝ» ቢል ብዙ ሰው አይገረምም። «እንግሊዛዊ ነኝ» ሲል ግን ከእግር እስከ ራሱ የሚያየው አይጠፋም። አንደኛው የፓስፖርት ስም፣ ሌላኛው የዘር ስም ተደርጎ ሲወሰድ ኖሯልና።

በ1999 ስኮትላንድ የራሷን ፓርላማ፣ ዌልስም የራሷን ምክር ቤት አገኙ። እንግሊዝ ግን የብቻዋ ፓርላማ አልተሰጣትም። ብዙ እንግሊዛውያንም «ታዲያ እኛስ ማን ነን?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ለውጡ በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ቀድሞ ታይቶ ነበር። በ1966 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የእንግሊዝ ደጋፊ በብዛት ያውለበለበው የመላውን መንግሥት ባንዲራ ነበር። በ1996 የአውሮፓ ዋንጫ ግን ስታዲየሙን የሞላው በነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓርማ ሆነ። ይህ ዓርማ ለአንዳንዱ የአገር ፍቅር ምልክት ነው። የዘረኛ ቡድኖች ለብዙ ዓመታት በሰልፋቸው ላይ ስለያዙት ለሌላው ደግሞ በሩን የሚያስዘጋ ምልክት ሆኖ ቆይቷል።

የሚያስገርመው የጊዮርጊስ ነገር ነው። የአገራችን ክርስቲያኖችም በእጅጉ የሚያከብሩት ይህ ሰው በክርስቲያኖች ትውፊት መሠረት የቀጰዶቅያና የልዳ፣ ማለትም የዛሬዋ ቱርክና የጥንቷ ፍልስጤም ሰው ነው። የእንግሊዝን ምድር አልረገጠም። የእንግሊዛዊነት ትልቁ ምልክት የሆነው ሰው ራሱ የምሥራቅ ሰው ነው ማለት ነው።

ማን ቀድሞ መጣ?

እንግሊዛዊነት ንጹሕ ደም ነው የሚሉ ሰዎች ታሪክን ገለጥ ቢያደርጉ ብዙ ነገር ያገኛሉ። ለአገሪቱ ስሟን የሰጡት አንግሎችና ሳክሶኖች ከአምስተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ከዛሬዎቹ ጀርመንና ዴንማርክ በባሕር የመጡ ናቸው። ከነሱ በኋላ ዴንማርካውያን መጡ። በ1066 ደግሞ ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው ዙፋኑን ያዙ። ከዚያ ወዲያ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር።

ከእስልምና ጋር ያላት ትውውቅም ትናንት የተጀመረ አይደለም። በብሪታኒያ ቤተ መዘክር ውስጥ አንድ የወርቅ ሳንቲም አለ። በስምንተኛው ምዕተ ዓመት የመርሲያ ንጉሥ የነበረው ኦፋ ያስመታው ነው። ሳንቲሙ የኸሊፋ አል-መንሱርን ዲናር የሚመስል ሲሆን፣ በላዩ ላይ በዐረብኛ የተውሒድ ቃል ሰፍሮበታል። በመሐሉ የንጉሡ ስም በላቲን ፊደል ተቀርጿል። ዐረብኛው ቀጥ ብሎ ሲነበብ የንጉሡ ስም ተገልብጦ ይታያል። ከዚህ ተነስተን ንጉሡ ሰልሞ ነበር አንልም። ቀራጩ የጻፈውን ማንበብ የማይችል እንደነበር ያስታውቃል። ሳንቲሙ የሚመሰክረው የሙስሊሞች ዲናር በዚያን ዘመን እስከዚያች ደሴት ድረስ የታወቀና የተከበረ ገንዘብ እንደነበር ነው።

በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ብሪክ ሌን በሚባለው መንገድ ላይ የሚገኘው መስጂድ ደግሞ የዚያችን አገር ታሪክ በአንድ ግድግዳ ይተርካል። ሕንፃው በ1743 ሲሠራ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቀጥሎ የሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት ሆነ። በ1898 ከሩሲያ ግዛቶች ስደት የመጡ አይሁዶች ምኩራብ አደረጉት። በ1976 የባንግላዴሽ ሙስሊሞች መስጂድ አደረጉት። በየዘመኑ የመጣው ስደተኛ «ይህ እንግሊዛዊ ሊሆን አይችልም» ተብሎበታል። የልጅ ልጆቹ ግን የአገሬው ሰው ሆነዋል።

የሊቨርፑሉ ሸይኽ

እስልምና በእንግሊዝ የስደተኛ ሃይማኖት ብቻ ነው የሚለውን አባባል የሚያፈርሰው የዐብዱላህ ኩዊሊያም ታሪክ ነው። ኩዊሊያም በ1856 በሊቨርፑል ተወለደ። በሙያው ጠበቃ ነበር። ወደ ሞሮኮ ካደረገው ጉዞ በኋላ በ1887 መስለሙን ይፋ አደረገ። በ1889 በሊቨርፑል ከተማ መስጂድ ከፈተ። ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋመ፤ ሳምንታዊ ጋዜጣም ያሳትም ነበር። በፈረንጆች ገና ዕለት ለከተማይቱ ድሆች ምግብ ያበላ እንደነበር ይታወቃል። በዚያው በ1889 በዎኪንግ ከተማ የሻህ ጀሃን መስጂድ ተሠራ። ለመስጂድነት ታስቦ በእንግሊዝ የተገነባው የመጀመሪያው ሕንፃ ሲሆን ወጪውን በአብዛኛው የሸፈኑት የሕንዷ ቦፓል ገዢ የነበሩት ሴት ናቸው።

በሊቨርፑል የሰለሙት አብዛኞቹ ዘራቸው ከዚያው የሆነ እንግሊዛውያን ነበሩ። ይሁንና አዛን ሲያሰሙ ድንጋይና ጭቃ ይወረወርባቸው ነበር። ታዲያ ድንጋዩ የተወረወረው በባዕድ ላይ ነው? የጎረቤት ልጅ በሃይማኖቱ ምክንያት በአንድ ቀን ባዕድ ተደረገ እንጂ!

ኩዊሊያም ትልቁ ፈተና የመጣበት በ1896 ነው። የብሪታኒያ መንግሥት በሱዳን ሲዘምት፣ ሙስሊም ወታደሮች ሙስሊም ወንድሞቻቸውን እንዳይወጉ የሚል ፈትዋ አወጣ። ጋዜጦች ከሃዲ አሉት። እሱ ግን የንግሥቲቱ ታማኝ ዜጋ ነኝ፣ መንግሥቴ ሲሳሳት ተሳሳተ ማለት ክሕደት አይደለም የሚል አቋም ነበረው። ይህ ክርክር ዛሬም አላለቀም። የአገር ፍቅር ማለት አገር ያደረገችውን ሁሉ ማጨብጨብ ነው ወይስ ስታጠፋ መመለስ?

በደም የተጻፈ ማስረጃ

አገሩን የሚወድ በጦር ሜዳ ይታያል የሚሉ አሉ። ይሁን፣ በዚህም እንመዝናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብሪታኒያን ወክለው ከተሰለፉት የሕንድ ወታደሮች መካከል ወደ አራት መቶ ሺህ የሚጠጉት ሙስሊሞች ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ኹዳዳድ ኻን ነው። ጥቅምት 31 ቀን 1914 በቤልጂየም ሆለቤኬ በተባለች መንደር ጓደኞቹ በሙሉ ወድቀው እሱም ቆስሎ ሳለ መትረየሱን ሳይለቅ ተዋጋ። የብሪታኒያን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ በማግኘት ከሕንድ ወታደሮች የመጀመሪያው ሆነ።

ቆስለው ወደ እንግሊዝ ተወስደው የሞቱ ሙስሊም ወታደሮች በዎኪንግ አቅራቢያ በ1917 በተሠራ መቃብር ተቀበሩ። ይህ የተደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጀርመኖች «እንግሊዞች ሙስሊም ወታደሮችን በሃይማኖታቸው ሥርዓት አይቀብሩም» የሚል ወሬ ይነዙ ነበርና ነው። መቃብሩ ከጊዜ በኋላ ተረሳ፤ አጥፊዎችም እጃቸውን አነሱበት። በመጨረሻ በ1968 አፅሙ ወደ ብሩክዉድ ወታደራዊ መቃብር ተዛወረ። ቦታው ታድሶ የሰላም መናፈሻ የሆነው በ2015 ነው። ለአገሪቱ የሞተ ሰው መቃብሩ እንኳ ጠባቂ አጥቶ ቆይቷል ማለት ነው።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። በ1941 በከረንና በአምባ አላጌ ከፋሽስት ኢጣልያ ጋር ከተዋጋው የብሪታኒያ ጦር ውስጥ የሕንድ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። ከወታደሮቹም ብዙዎቹ የፑንጃብና የሰሜን ምዕራብ ድንበር ሙስሊሞች ናቸው። አገራችን ነፃ እንድትወጣ ከአርበኞቻችን ጎን የነሱም ደም ፈስሷል።

ከሴቶችም ኑር ዒናያት ኻን ትጠቀሳለች። አባቷ ሕንዳዊ ሙስሊም፣ እናቷ አሜሪካዊት ነበሩ። በ1943 የብሪታኒያ የምሥጢር ሬድዮ መልእክተኛ ሆና ጀርመኖች ወደያዙት ፓሪስ ተላከች። ተይዛም በመስከረም 1944 በዳሃው ማጎሪያ ተገደለች። በ1949 የጆርጅ ክሮስ ሜዳይ ተሰጣት። በሜዳዩ ላይ የተቀረጸው ያው ዘንዶ ገዳዩ ጊዮርጊስ ነው። ያ ምስል ለአንዲት የሙስሊም ልጅ የጀግንነት ምስክር ሆነ።

መርከበኞቹና የፋብሪካ ሠራተኞቹ

ከወታደሮቹ ሌላ በዝምታ ያገለገሉም ነበሩ። ከኤደን ወደብ የተቀጠሩ የመናውያንና ሶማሌዎች በብሪታኒያ የንግድ መርከቦች ውስጥ የድንጋይ ከሰል እሳት ሲያነዱ ኖረዋል። በጦርነቱም ጊዜ ከመርከቦቹ ጋር ብዙዎች ሰጥመዋል። ጦርነቱ ካበቃና ሥራ ከጠፋ በኋላ ግን በ1919 በሊቨርፑል፣ በሳውዝ ሺልድስና በዌልሷ ካርዲፍ ጥቃት ደረሰባቸው። በ1925 የወጣው ደንብ ነጭ ያልሆኑ የውጭ መርከበኞች እንዲመዘገቡ አዘዘ። የብሪታኒያ ተገዢ የሆኑትም የጽሑፍ ማስረጃ ካላቀረቡ እንደ ባዕድ ተቆጠሩ። ሰውየው ለጦርነት ሲፈለግ ወረቀት አልተጠየቀም ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ የቅኝ ግዛቶቹና የኮመንዌልዝ አገሮች ሰዎች ወደ ብሪታኒያ መጥተው እንዲኖሩ መብት ሰጠ። የብራድፎርድና የላንካሻየር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ለሌሊት ሥራ ሠራተኛ አጥተው ነበር። በ1960ዎቹ በፓኪስታን ይዞታ በሚገኘው የካሽሚር ክፍል የማንግላ ግድብ ሲሠራ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ከሚርፑር አካባቢ ተፈናቀሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ዛሬ በበርሚንግሃምና በብራድፎርድ የምናያቸው ብዙ ቤተሰቦች ዘር ከዚያ ይመዘዛል።

ይሁንና በሩ ብዙ አልቆየም። በ1962 የወጣው ሕግ መግቢያውን አጠበበ። ሚያዝያ 20 ቀን 1968 የፓርላማ አባሉ ኢኖክ ፓወል በበርሚንግሃም ስደተኞችን አስመልክቶ ያደረገው ንግግር አገሪቱን አናወጠ። ከፓርቲው አመራር ቢባረርም የለንደን የወደብ ሠራተኞች ለሱ ሰልፍ ወጡ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ከነዚያ ሠራተኞች ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ። ሥራቸውና ሰፈራቸው እየተለወጠባቸው፣ ማንም ሳያስረዳቸው፣ ቁጣቸውን ከነሱ በባሰ ድሃ ላይ አዞሩት። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉም ነጩና ሙስሊሙ እኩል ሥራ ፈቱ።

የክሪኬቱ ፈተና

በ1990 ፖለቲከኛው ኖርማን ቴቢት አንድ መመዘኛ አመጣ። ስደተኞች በክሪኬት ጨዋታ ለማን እንደሚደግፉ ተመልከቱ፤ ለመጡበት አገር ከሆነ ገና አልተዋሐዱም የሚል ነበር። የሰውን ልብ በስታዲየም ጩኸት መለካት ቀላል መስሎት ነበር።

የጊዜ መልስ ግን አስገራሚ ሆነ። በ1999 የእንግሊዝ የክሪኬት ቡድን አምበል የሆነው በሕንድ የተወለደውና አባቱ ሙስሊም የሆነው ናስር ሑሴን ነው። ሐምሌ 14 ቀን 2019 እንግሊዝ የዓለም ዋንጫን በለንደን ስታነሳ በቡድኑ ውስጥ ሞኢን ዐሊና ዓዲል ረሺድ ነበሩ። አምበሉ ኢዮን ሞርገን የደብሊን ልጅ ነው። የአየርላንዳውያን ዕድል ረዳህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዓዲልን አነጋግሬው አላህ ከኛ ጋር እንደነበር ነግሮኛል ሲል መለሰ። ጓደኞቻቸው መጠጥ መርጨት ሲጀምሩ ሁለቱ ሙስሊሞች ገለል አሉ። እንግሊዛዊነታቸው አልቀነሰም፤ ዲናቸውም አልተነካም።

ሞ ፋራህን ደግሞ እኛ ከሁሉም በላይ እናውቀዋለን። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር የኛን ደጀን ገብረመስቀልን ሁለተኛ አድርጎ ወርቁን ወስዶብናል። በ10,000 ሜትርም አሸንፎ ነበር፤ ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ ወጣ። ስታዲየሙ ሙሉ ሕዝብ ስሙን ሲጠራ እሱ ለሱጁድ ተደፋ። በ2022 ይኸው ሰው በሕፃንነቱ ከሶማሌላንድ በሌላ ልጅ ስም በሕገ ወጥ መንገድ ወደ እንግሊዝ መወሰዱን ራሱ ገለጸ። ባንዲራዋን ለብሶ ያኮራት ልጅ በአስመጪዎቹ ሐሰተኛ ወረቀት የገባ ልጅ ነበር።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሳት ግድ ነው። ሙስሊሙ የሚወደደው ወርቅ ሲያመጣ ብቻ ነው? በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሦስት ጥቁር ወጣቶች ፍጹም ቅጣት ምት ሲስቱ ዘረኛ ስድብ ዘነበባቸው። ሲያሸንፉ እንግሊዛዊ፣ ሲሸነፉ ባዕድ የሚያሰኝ ዜግነት ዜግነት አይደለም። የታክሲ ሹፌሩ፣ የሆስፒታል ነርሷ፣ ኳስ የማያውቀውም ልጅ እኩል የአገሩ ሰው ሊሆን ይገባዋል።

የፈተና ዓመታት

ከራሳችን ወገን የመጣውንም ጥፋት አንሸሽግም። ጁላይ 7 ቀን 2005 በለንደን ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ በተጣለው አደጋ 52 ሰዎች ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ሙስሊሞችም ነበሩ። ከአራቱ አጥፊዎች ሦስቱ እዚያው እንግሊዝ ተወልደው ያደጉ ወጣቶች ናቸው። ንጹሕ ሰው መግደልን ዲናችን በጥብቅ ይከለክላል። ድርጊቱ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል የነበረውን አመኔታ አደፈረሰ፤ ዋጋውን የከፈሉትም በአመዛኙ ምንም ያላጠፉ ሙስሊሞች ናቸው። ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ በ2001 በኦልድሃም፣ በበርንሊና በብራድፎርድ ረብሻ ተነስቶ ነበር። ጉዳዩን ያጠናው ቡድን ነጩና እስያዊው በአንድ ከተማ ሳይገናኙ በየፊናቸው እንደሚኖሩ ገልጿል። ይህ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ነው። በራስ ሰፈር ተዘግቶ መኖር ዲንን መጠበቅ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጎረቤትን ሐቅ ሲያስተምሩ ሙስሊም ጎረቤት ብቻ አላሉም።

ጁላይ 29 ቀን 2024 በሳውዝፖርት ከተማ በሕፃናት የዳንስ ትምህርት ላይ አንድ ወጣት ሦስት ልጃገረዶችን በስለት ገደለ። ገዳዩ በጀልባ የመጣ ሙስሊም ስደተኛ ነው የሚል ወሬ በሰዓታት ውስጥ ተዛመተ። ወሬው ሐሰት ነበር፤ ወጣቱ በካርዲፍ የተወለደ ነው። በማግሥቱ ምሽት ግን ሁከተኞች የከተማይቱን መስጂድ በጡብ ደበደቡ፤ ሙስሊሞችም ውስጥ ነበሩ። ረብሻው ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ።

አሁን ሌላውን ገጽ እንመልከት። ጠዋት የሰፈሩ ሰዎች፣ ግንበኞችም ጭምር፣ መጥተው የፈረሰውን የመስጂዱን ግንብ መልሰው ገነቡ። በዚያው ሳምንት በሊቨርፑል ኩዊሊያም በመሠረተውና በዘመናችን ታድሶ በተከፈተው መስጂድ ፊት ተቃዋሚዎች ተሰበሰቡ። የመስጂዱ ኢማም ምግብ ይዞ ወደነሱ ወጣ። ከአንዳንዶቹ ጋር ተነጋገረ፤ ተቃቀፉም። ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በፊት ድንጋይ ሲወረወርበት ለድሆች ምግብ ያበላ የነበረው ቤት ያንኑ ሱና ደገመው። የአገር ፍቅር ማሳያ ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል?

ምን እንማራለን?

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ አገርን መውደድ በእስልምና ነውር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲወጡ ለከተማይቱ የነበራቸውን ፍቅር እንደገለጹ በሐዲስ ተዘግቧል። የተከለከለው ዐሰቢያ፣ ማለትም ወገኔ ነው ብሎ በጥፋት ላይ መተባበር ነው። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲስ ወንድማችንን በዳይም ሆነ ተበዳይ ቢሆን እንድንረዳው ነቢዩ አዘዋል። ሶሐቦች በዳይን እንዴት እንረዳለን ሲሉ፣ ከበደሉ በመከልከል ነው የሚል መልስ አግኝተዋል። አገርንም የሚወድ እንዲሁ ነው። ለኩዊሊያም ክርክር ከዚህ የተሻለ መልስ አናገኝም።

ሱረቱል ሑጁራት በአንድ ምዕራፍ ሁለት ትልልቅ ትምህርቶች አሏት። የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ታዛለች፤ ሕዝቦችና ጎሣዎች የተደረግነውም እንድንተዋወቅ መሆኑን ታስተምራለች። በሳውዝፖርት ሁለቱም ባይዘነጉ ኖሮ የመስጂዱ ግንብ ባልፈረሰ ነበር።

ይህ ጥያቄ በኛም ቤት ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችንና እናቶቻችን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ስም ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሳይሆን «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» መባልን ጠየቁ። ሰልፉ ላይ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረዋቸው ነበሩ። የእንግሊዝ ሙስሊም ወጣት ዛሬ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «በእንግሊዝ የሚኖር» ሳይሆን «እንግሊዛዊ» መባልን ይሻል። ስሙን ወረቀት ብቻ አይሰጠውም። ጎረቤቱ ስሙን ሲቀበል፣ እሱም የጎረቤቱን ግንብ እንደራሱ ሲጠብቅ ያኔ ይጸናል።

አላህ በየትኛውም ምድር ያሉ ወገኖቻችንን በሰላም ይጠብቅልን። አገራችንንም የፍትሕና የመተዋወቅ አገር ያድርግልን። አሚን።